ልጆቹ ይጫወቱ፤ ሕጉን ግን አብረን እናውጣ



በመጪው እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ከሚቀርቡት አጀንዳዎች አንዱ «የልጆች መሯሯጥ» የሚል ነው። ከውሃው መቆራረጥና ከጥበቃው ደመወዝ ቀጥሎ በሦስተኛ ተራ የተጻፈ ስለሆነ አንዳንዶቻችን «ይህችማ ቀላል ናት፤ በአምስት ደቂቃ ታልቃለች» እንል ይሆናል። እኛ የዚህ ሰሌዳ አዘጋጆች ግን ጉዳዩ የአምስት ደቂቃ አይደለም እንላለን። ለምን እንዲህ እንደምንል ከስብሰባው በፊት ለመግለጽ ይህን ጽፈናል። ረዘም ያለ ነውና ቆማችሁ የምታነቡትን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሚሆናቸው 24 የግቢያችን ልጆች ተሰባስበው «የመጨረሻው ሰው» ብለው የሰየሙትን ጨዋታ ጀመሩ። ጨዋታውን የማያውቅ ይኖራል፤ እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አናውቀውም ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ሌላ ተጫዋች ስም የተጻፈበት ወረቀት በእጣ ይደርሰዋል። ያን ልጅ አድብቶ፣ ባልጠበቀው ሰዓትና ቦታ ደርሶ ይነካዋል። የተነካው ከጨዋታው ይወጣል፤ ሲወጣም በእጁ ያለውን ወረቀት ለነካው ያስረክባል። የነካውም በዚያ ወረቀት ላይ ስሙ የተጻፈውን ልጅ መፈለግ ይጀምራል። እንዲህ እየተባለ ተጫዋቹ ይመናመናል፤ በመጨረሻ ብቻውን የሚቀረው አሸናፊ ነው። ልጆቹ 24 ከሆኑ 23 ጊዜ ተነካክተው ጨዋታው ያልቃል ማለት ነው። ዋናው ቅመሙ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ማንን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ እሱን ማን እንደሚፈልገው ግን አያውቅም። አዳኝም ታዳኝም እሱው ነው።

ጨዋታው በተጀመረ በሳምንቱ ቅሬታ ይጎርፍ ጀመር። ቅሬታውም እውነት ነበር፤ ማንም አላጋነነም። በብሎክ 4 የሚኖሩ አንዲት እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ከደረጃው ሥር ብድግ ያለ ልጅ አስደንግጧቸው የያዙት ጠበል ከእጃቸው ወድቆ ፈሰሰ። ሌላዋ ነዋሪ አጥበው ያሰጡት አንሶላ መሸሸጊያ ሆኖ ጭቃ ላይ ተገኘ። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ጎረቤታችንም በሩ ሥር በሚሮጥ እግር ከእንቅልፉ እየባነነ ስንት ቀን ሥራ ላይ ሲያንቀላፋ እንደ ዋለ ነግሮናል።

የማኅበሩ ኮሚቴም ተሰብስቦ «በግቢው ውስጥ መሯሯጥና መደበቅ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ሲል ወሰነ። ማስታወቂያውን ጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን፣ በዚሁ ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው እኛው ነን። ደግፈነውም ነበር። እንዲያውም በመጀመሪያው ሳምንት ግቢው ጸጥ ሲል «አየህ፤ ቆንጠጥ ሲደረግ እንዲህ ነው!» ተባብለን ራሳችንን አመስግነናል።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልንም። ማስታወቂያውን ስንለጥፍ አንድም ልጅ ጠርተን አላነጋገርንም። ጨዋታው ጠፍቷል ብለን ስናስብ፣ ለካ ከአጥሩ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ሄዷል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የ13 ዓመት ልጃችን ከሚፈልገው ጓደኛው ለማምለጥ ከታክሲ ተራው መሀል እየተሹለከለከ ሲሮጥ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላው እየተከተለ ሲጮህ፣ ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ሰው «ሌባ! ያዘው!» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም። በከተማችን ከጨለማ ጋር የሚሮጥ ልጅና «ሌባ» የሚል ቃል ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ተያዘ፤ በጥፊ ተመታ፤ ሸሚዙ ተቀደደ። ማንም «ምን ሰረቅህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ያዳነችው በራችን አጠገብ በቆሎ የምትጠብሰው እናት ናት። «ኧረ ተዉት! ይኼ የዚህ ግቢ ልጅ ነው! የኔ ደንበኛ ነው!» እያለች ማራገቢያዋን እንደ ያዘች ሰዉን ሰንጥቃ ገብታ በክንዷ አቀፈችው። እሷ በዚያ ሰዓት ባትኖርስ ኖሮ? ይህን ጥያቄ መልሰን መላልሰን ጠይቀነዋል።

የሚያሳፍረን ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ጩኸቱን ሰምተን በረንዳ ላይ ወጥተን ካየነው መካከል እኛም ነበርን። ልጁ ከእኛ ብሎክ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ የሚኖር ነው። እዚህ ግቢ ከገባን ስንት ዓመት ሆነን? እኛ ግን አላወቅነውም። «ደግሞ ሌባ ተያዘ» ብለን ወደ ቤታችን ለመመለስ እየተዘጋጀን ነበር። በቆሎ ሻጯ ያወቀችውን ልጅ እኛ ጎረቤቶቹ አላወቅነውም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት አግኝተናል። አንደኛው፣ ክልከላው ጨዋታውን አላጠፋውም፤ ከምናየው ቦታ ወደማናየው፣ ከአጥር ውስጥ ወደ መኪና መንገድ አወጣው እንጂ። ሁለተኛው፣ ችግሩ የልጆቹ መሮጥ ብቻ ሳይሆን የእኛም ልጆቹን አለማወቅ ነው። የዱሮው ሰፈር ልጅ ጥፋት ሲያጠፋ የጎረቤት እናት ጆሮውን ጠምዝዛ ወደ ቤቱ ትወስደው ነበር፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ታውቃለቻ! አሁን ግን በአንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን፣ ከእድር ድንኳን ውጪ ሰላምታ የማንለዋወጥ ብዙ ነን።

እስቲ አሁን ልጆቹን እንያቸው። ጨዋታው በተጀመረ በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ 24ቱም እርስ በርስ ስማቸውን፣ ብሎካቸውን፣ ፎቃቸውን ዐውቀዋል። ማን ጠዋት ዳቦ ሊገዛ እንደሚወጣ፣ ማን ከሰዓት በኋላ ቁርኣን ሊቀራ እንደሚሄድ፣ የማን እናት ታማ እቤት እንደ ተኛች ያውቃሉ። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ የምትፈልገውን ልጅ ለመያዝ ብላ ሁለት ቀን ስትከታተለው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ይጠፋ የነበረው አያቱን ለመርዳት እንደ ሆነ ደረሰችበት። እኛ በብዙ ዓመት ያላወቅነውን እነሱ በአንድ ክረምት ዐወቁት። ታዲያ ይህን «በጥብቅ የተከለከለ» ብለን ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ከስልክ ያመጡት ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ጨዋታው በአሁኑ መልኩ የመጣው ከውጭ ነው። ሮበርት ሼክሊ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1953 ሰዎች እርስ በርስ በሕግ ስለሚታደኑበት የወደፊት ዓለም አንድ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። ከዚያም ጣሊያናዊው ኤሊዮ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1965 በማርቼሎ ማስትሮያኒና በኡርሱላ አንድረስ ተዋናይነት ፊልም አደረገው። የኮሌጅ ተማሪዎች ሐሳቡን ወስደው ወደ ጨዋታ ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኘው ጋውቸር ኮሌጅ ተማሪዎቹ ሌላ ዓይነት ፈጠሩ፤ በዚህኛው የተነካው ወጥቶ ቤቱ አይሄድም፤ ተሻግሮ ከአሳዳጆቹ ጋር ይሰለፋል። በዚህ ጨዋታ የሚታደኑት ራሳቸውን ከሚከላከሉባቸው ነገሮች አንዱ ምን እንደ ሆነ ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ የተጠቀለለ ካልሲ ነው!

ካልሲ ሲባል ደግሞ የማን ልጅነት ትዝ የማይለው አለ? እኛስ መሀል የገባው በካልሲ ኳስ ሲመታ የሚወጣበትን ፔፕሲ ተጫውተን አላደግንም? አባሮሽ፣ ሌባና ፖሊስ፣ አኩኩሉ፣ ሁሉም መደበቅና መፈለግ፣ መንካትና ማስወጣት አይደሉም? ስለዚህ ጨዋታው ከውጭ ቢመጣም ቤት አጥቶ አልመጣም፤ ዘመዶቹ እዚህ ነበሩ። ከሁሉም በላይ አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለዋል። ጌታው የማይቆጡት ግን ዝም ብለው አይደለም። ገና የታወቀ ወቅት አለው፤ የታወቀ ሜዳ አለው፤ ሁሉም ሰው ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። የእኛ ልጆች ጨዋታ ያጣው ይህን ነው። ወቅቱንም ሜዳውንም የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ፤ በዚህም የተነሣ እናታችን ደነገጡ፤ በዚህም የተነሣ ልጁ «ሌባ» ተባለ።

«ዞሮ ዞሮ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ምን ይጠቅማል?» ለሚሉም አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በስፖኬን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አባሮሽ ይጫወቱ የነበሩ አሥር ጓደኛሞች፣ ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ሥራና ትዳር ሲበታትናቸው እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በዓመት አንድ ወር፣ ማለትም በፌብሩዋሪ፣ ጨዋታውን እንደገና ቀጠሉት። ከመካከላቸው ጠበቃ የሆነው የውል ስምምነት እንኳ ጽፎላቸዋል። አንዱ ሌላውን ለመንካት ከከተማ ወደ ከተማ በአውሮፕላን ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ2013 በጋዜጣ ተጻፈላቸው፤ በ2018 ፊልም ሆነ። እነዚህ ሰዎች ሕፃናት አይደሉም፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ጨዋታው የያዘላቸው ጓደኝነታቸውን ነው። ሌላ ምን ጥቅም እንፈልጋለን?

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው፦ ክልከላው ይነሣ፤ በምትኩ ሕግ ይውጣ። ሕጉን ደግሞ እኛ ብቻ ጽፈን አንለጥፍ፤ ልጆቹ ያውጡት፣ እኛ እንጨምርበት፣ አብረን እንፈርምበት። ከአንዳንዶቹ ልጆችና ወላጆች ጋር ተነጋግረን ለውይይት መነሻ እንዲሆን የሚከተለውን አሰናድተናል።

1ኛ/ ዳኛ ይኑር። ዳኞቹ የማይጫወቱ ይሁኑ፤ አንድ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ወጣትና አንድ ወላጅ ይበቃሉ። የተጫዋቾቹ ዝርዝር በዳኞቹና በጥበቃው እጅ ይሁን። የእያንዳንዱ ልጅ ወላጅ «ዐውቄ ፈቅጃለሁ» ብሎ ይፈርም።

2ኛ/ እጣው ይስተካከል። ልጆቹ ስሞቹን ከፌስታል ውስጥ በዘፈቀደ ያወጡ ነበር። ይህ አሠራር ጉድለት አለው። አንዱ የራሱን ስም ሊያወጣ ይችላል፤ ሁለት ልጆችም አንዱ የሌላውን ስም ሊያወጡ ይችላሉ። በመጀመሪያው ጨዋታ የሆነውም ይኸው ነው፤ አንደኛው ሌላውን ነክቶ ወረቀቱን ሲቀበል የራሱን ስም አገኘው! የሚፈልገው ሰው የለ፣ የሚፈልገው የለ፤ ጠቡ ሁለት ቀን ፈጀ። መፍትሔው ቀላል ነው። ዳኛው ስሞቹን ያደባልቅና ጠረጴዛ ላይ በክብ ይደርድራቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ በቀኙ ያለውን ስም ይውሰድ። ክቡ አንድ ከሆነ እስከ መጨረሻው አይበጠስም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆች እርስ በርስ ይፈላለጋሉ።

3ኛ/ መንካት ይቅር፤ የልብስ መቆንጠጫ ይሁን። ፈላጊው መቆንጠጫዋን ሳይታወቅበት በተፈላጊው ጀርባ ወይም እጅጌ ላይ ከሰካ ተፈላጊው ወጣ ማለት ነው። ይህን የምንለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መጎተትና መተናነቅ ይቀራል፤ በተለይ የሴቶቹ ልጆች ወላጆች ያነሡት ሥጋት መልስ ያገኛል። ሁለተኛ፣ መቆንጠጫ በሩጫ አይሰካም። ጨዋታው የእግር መሆኑ ቀርቶ የትዕግሥትና የብልሃት ይሆናል።

4ኛ/ ሩጫ አይኑር። ተፈላጊው ዞሮ ፈላጊውን ካየውና ስሙን ከጠራው ሙከራው ከሽፏል፤ ፈላጊው አሥር ደቂቃ ርቆ ይቆያል። ማንም ከማንም አይሸሽም፤ ማንም ማንንም አያባርርም። የሚሮጥ ከሌለ «ሌባ» የሚልም አይኖርም።

5ኛ/ ሜዳው ከአጥሩ ውስጥ ብቻ ነው። ደረጃ፣ ጣራ፣ የውሃ ሮቶው አካባቢ፣ የመብራት ቆጣሪው ክፍልና የልብስ ማስጫው ክልክል ናቸው። ክረምት ነው፤ የደረጃው ሲሚንቶ ያዳልጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ መስጊድ የሚሄድ፣ ተልኮ ዕቃ ወይም ገንዘብ የያዘ፣ ታናሹን የሚጠብቅ ልጅ አይነካም።

6ኛ/ ሰዓቱ ይወሰን። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይሁን። በመካከል ያለው ጊዜ ለሚተኛም ለሚያጠናም ነው። ዝናብ ከጣለ ጨዋታው ይቆማል። ከመምሸቱ በፊት ሁሉም ከግቢ ወደ ቤቱ ይገባል።

7ኛ/ ሽጉጥ የሚመስል አሻንጉሊት አይያዝ። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህን ዓይነት ጨዋታ በውሃ ሽጉጥ ስለሚጫወቱት በየጊዜው ፖሊስ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። እዚያው ክሊቭላንድ በተባለ ከተማ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 አንድ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ በመናፈሻ ውስጥ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ ሳለ፣ ሰው ስልክ ደውሎ የመጣ ፖሊስ እንደ ደረሰ ተኩሶ መታው፤ ልጁም ሞተ። ያ ልጅ ይህን ጨዋታ አልነበረም የሚጫወተው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ጨዋታ መሆኑን የማያውቅ ሰው የሚያየው ጨዋታውን አይደለም።

8ኛ/ ቃሉም ይታሰብበት። ልጆቹ የነኩትን «ገደልኩህ» ይላሉ። ክፋት እንደ ሌለበት እናውቃለን። ነገር ግን በግቢያችን ጦርነት አይተው የመጡ፣ ልጅና ወንድም የቀበሩ ቤተሰቦች አሉ። ያ ቃል በመስኮታቸው ሲገባ ምን እንደሚሰማቸው እናስብ። «አገኘሁህ» ቢባል ጨዋታው ምን ይጎድልበታል? ምንም።

9ኛ/ ስልክ ይቅር። በአንዳንድ አገር ተጫዋቹ የት እንዳለ በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ ይጠቀማሉ። እኛ አያስፈልገንም። ልጆቻችን የት እንዳሉ እኛ እንወቅ እንጂ ዓለም ሁሉ አይወቅ። የተሸነፈውንም ልጅ ፎቶ አንሥቶ መሳለቅ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ ያነሣችልንም የ11 ዓመት ልጅ ናት። «እኔ በመጀመሪያው ቀን ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሎቹን ሳይ ነበር» አለችን። የማስወጣት ጨዋታ ትልቁ ድክመት ይህ ነው። ቀድሞ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ትንሹ፣ ዝምተኛው፣ አዲስ የመጣው ነው፤ ይኸውም መጫወት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ማለት ነው። «ዕድሏ ነው» ብለን ልናልፈው አልፈለግንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። በመጀመሪያ ጨዋታው አይርዘም፤ አንዱ ዙር በአራት ቀን ይለቅ፤ የወጣውም በአምስተኛው ቀን በአዲስ እጣ ይመለስ። ሁለተኛ፣ የወጣ ልጅ ሥራ ይኑረው። የወጡት ምስክሮች ይሁኑ፤ መቆንጠጫው በደንብ መሰካቱን፣ ማንም አለመሮጡን አይተው ለዳኛው ይንገሩ። ያለ ምስክር የተሰካ አይቆጠርም ከተባለ፣ የወጣው ልጅ ከሁሉ ተፈላጊ ይሆናል ማለት ነው! ሦስተኛ፣ ቤቱ ተደብቆ ሳይወጣ አራት ቀን ቆይቶ «አሸነፍኩ» የሚል እንዳይኖር፣ በቀን አንድ ጊዜ ሁሉም በዳኛው ፊት ቀርቦ ይፈርም፤ ያልቀረበ ይውጣ። ጀግንነት በር ዘግቶ መቀመጥ አይደለምና። የታመመና በቤተሰብ ጉዳይ የቀረ ግን ዳኛው ይረዳዋል።

ከነዋሪዎች በኩልም የሚፈለግ ነገር አለ። ጨዋታ ያለበት ሳምንት በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ እያያችሁ እለፉ። ልጅ ከመኪና ኋላ አድብቶ ብታገኙት ከመቆጣታችሁ በፊት ስሙን ጠይቁት። አስቸግሮ ከሆነም ለዳኛው ንገሩ፤ ዳኛው ጥፋተኛውን ያስወጣዋል። ለልጅ ከጨዋታ መውጣት ከዱላ ይበልጣል፤ ይህን እኛ ትልልቆቹ ረስተነዋል እንጂ ዱሮ እናውቀው ነበር። አንሶላቸው ለተበላሸባቸው ነዋሪ ልጆቹ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ጠበላቸው ለፈሰሰባቸው እናታችንም በማግስቱ አምጥተውላቸዋል። ይህን ያደረጉት ማንም ሳያዛቸው መሆኑን ስብሰባው እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ይህ ሁሉ ሲባል አደጋ ጨርሶ አይኖርም ማለታችን አይደለም። ልጅ ይወድቃል፤ ልጅ ይጣላል፤ አንዳንድ ቀንም ሕጉ ይጣሳል። ግን ልጆቹ ከዓይናችን ሥር፣ በስማቸው በሚያውቋቸው ሰዎች መካከል ቢወድቁ ይሻላል ወይስ በታክሲ ተራ፣ በጨለማ፣ ስማቸውን በማያውቅ ሕዝብ መካከል? ሁለቱን ሞክረናቸዋል። የሁለተኛውን ውጤት አይተናል።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ለኮሚቴው እናቀርባለን። እሁድ ሦስተኛው አጀንዳ ሲደርስ 24ቱም ልጆች ስብሰባው ላይ ይገኙ። ሐሳባቸውን ከመናገራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ተነሥተው ስማቸውን፣ ብሎካቸውንና የማን ልጅ እንደ ሆኑ ይንገሩን። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያ የ13 ዓመት ልጃችንም ከመካከላቸው አለ፤ እመጣለሁ ብሎናል። በቆሎ የምትጠብሰውም እናት፣ የማኅበሩ አባል ባትሆንም፣ እንድትገኝ ጠርተናታል። ከወንበሮቹ አንዱ ለእሷ ይያዝ።

የሰሌዳው አዘጋጆች